ማስተካከያ፦ ስለ ባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የባሕር ዳሩ አሮጌ የዓባይ ድልድይ ፈርሶ በዘመናዊ መልክ እንደገና ተሠራ፤ ርዝመቱም 303 ሜትር ነው» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

አሮጌው ድልድይ ለአዲሱ ሲባል አልፈረሰም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው ከእሱ ፈቀቅ ብሎ እንደ አዲስ የተገነባ ሌላ ድልድይ ሲሆን፣ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ልብ ሊባል ይገባል፦ በየአቅጣጫው ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድም አለው። ብስክሌት ለሚበዛባት ባሕር ዳር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአሮጌው ላይ ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው መኪና በሁለት መስመር ብቻ ነበር የሚተላለፈው።

303 ሜትር የተባለው የሌላ ድልድይ ልክ ነው፤ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው፣ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ። ሁለቱም ዓባይን የሚሻገሩ፣ ሁለቱም ከምሰሶ በተወጠሩ ኬብሎች የተያዙ ስለሆኑ በፎቶ ይምታታሉ። ዙሪያው ገደል ከሆነ የበረሃው ነው፤ የባሕር ዳሩ ያለው ወንዙ ከጣና በወጣበት ሜዳ ላይ ነው።