እርማት፦ ቡብካ በሄልሲንኪ ያሸነፈው 6 ሜትር ዘሎ አይደለም

ሰርጌይ ቡብካ እ.ኤ.አ. በ1983 በሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የምርኩዝ ዝላይ ወርቁን ያገኘው 6 ሜትር ዘሎ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነው የሚል አስተያየት እዚህ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ወርቁ እውነት ነው፤ ከፍታው ግን በአክብሮት ሊታረም ይገባል።

ያኔ ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረውና ለሶቪየት ኅብረት የተሰለፈው ቡብካ ያለፈው 5.70 ሜትር ሲሆን፣ የቡድን ጓደኛው ኮንስታንቲን ቮልኮቭና ቡልጋሪያዊው አታናስ ታሬቭ እኩል 5.60 ዘለው ሁለተኛና ሦስተኛ ወጥተዋል። በዕለቱ ክብረ ወሰኑ የቭላዲሚር ፖልያኮቭ 5.81 ስለነበር የአሸናፊው ዝላይ ከእርሱ በ11 ሳንቲሜትር ያንስ ነበር። ቡብካ 6 ሜትርን የተሻገረው በ1985 ፓሪስ ላይ ነው።

ለማጣራት በዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ ላይ የውድድሩን ውጤትና የክብረ ወሰኑን ቅደም ተከተል በየቀናቸው ማስተያየት ይበቃል፤ ከሄልሲንኪ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈረንሳዮቹ ፒየር ኪኖንና ቲየሪ ቪኞሮን 5.82 እና 5.83 ዘለው ክብረ ወሰኑን አሻሽለዋል። ስህተቱ ሲደጋገም የሚሰረዘው የእነዚህ ሰዎች ድርሻ ነው።