የቤቴሉ ሽማግሌና የይሁዳው ነቢይ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

መነሻው 1ኛ ነገሥት 13 ነው። ከይሁዳ የመጣ የእግዚአብሔር ሰው፣ የእስራኤል ንጉሥ ኢዮርብዓም የወርቅ ጥጃ አቁሞ በሚያሰግድበት በቤቴል፣ በመሠዊያው ላይ ትንቢት ተናገረ፤ መሠዊያው ተሰነጠቀ፣ የንጉሡም እጅ ደረቀች። ነቢዩ እዚያ እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዝዞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነቢይ ግን «መልአክ ነግሮኛል» ብሎ ዋሽቶ ቤቱ አስገባው፤ በላ፣ ጠጣ፤ ሲመለስም አንበሳ ገደለው። የሚከራከሩት አንድ አዛውንት የመጽሐፍ ቅዱስ መምህርና አንዲት ወጣት ዘማሪ ናቸው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ይህ ሰው ትእዛዙን አላወቀም አይባልም። ንጉሡ እጁ ከዳነችለት በኋላ «ቤቴ ግባና ብላ፣ ስጦታም ልስጥህ» ሲለው «የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝ እንኳ አልገባም» ብሎ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነገረው። ለሽማግሌውም ያንኑ ደገመለት። ሁለት ጊዜ በገዛ አፉ የመሰከረበትን ቃል በሰው ወሬ ጣለው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ከሰማይ የመጣ መልአክ እንኳ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ያለው ይህን የመሰለ ነገር ስላለ ነው። ደግሞስ ከዛፍ ሥር ምን አስቀመጠው? በጊዜ ቢሄድ ኖሮ ሽማግሌው አይደርስበትም ነበር።

ዘማሪዋ፦ መምህር፣ የዛፉን ነገር መጽሐፉ ራሱ አልነቀፈበትም፤ እርስዎ ነዎት የጨመሩበት። እህልና ውሃ ሳይቀምስ የሚሄድ መንገደኛ ጥላ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ንጉሡን እምቢ ማለትማ ብዙም አይከብድም፤ ጥጃ አቁሞ የሚያሰግድ ሰው ጠላትነቱ ግልጽ ነው። ሽማግሌው ግን «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ» ብሎ ነው የመጣው። ዳዊት በመዝሙር 55 ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር ብሎ የሚያለቅሰው፣ አብሮት ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረው ወዳጁ ስለከዳው ነው።

ደግሞ አብርሃምን ያስቡት። ልጅህን ሠዋ ያለው እግዚአብሔር ነው፤ እጅህን በብላቴናው ላይ አትዘርጋ ያለው መልአክ ነው። አብርሃም «የመጀመሪያውን ትእዛዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መልአክ አያስቀረኝም» ቢል ኖሮ ይስሐቅ ታርዶ ነበር። ታዲያ የይሁዳው ሰው በመልአክ ስም ትእዛዝ ይለወጣል ብሎ ቢያምን ምኑ ላይ ነው ያበደው?

መምህሩ፦ ጥሩ አመጣሽ። ግን መልአኩ የጠራው አብርሃምን ራሱን ነው፤ ሁለት ጊዜ በስሙ ጠርቶታል። ጎረቤቱን ልኮ «ለአብርሃም ንገረው» አላለም። ትእዛዙን የሰጠህ አንድ ጌታ ከሆነ፣ ሲያነሣውም ለአንተው ይነግርሃል። የይሁዳው ሰው ቢያንስ ተንበርክኮ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ርቦት ነበርና ነገሩ ጣመው፤ ልቤ የሚለኝ ይህንን ነው።

ዘማሪዋ፦ ልብዎ ያለው ይሆናል፤ የሽማግሌው ውሸት ግን ግምት አይደለም፣ ተጽፏል። ልጆቹ የመሠዊያውን ነገር ሁሉ ነግረውታል፤ ማን እንደመጣና በማን ቃል እንደተናገረ ያውቃል። ጥጃው አጠገብ ተቀምጦ ዝም ያለ ነቢይ፣ የተናገረውን ሰው ሊያስት አህያ ጭኖ ወጣ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ማዕድ ላይ የሆነው ነው፦ የዋሸው አፍ ራሱ ፍርዱን ተናገረ፤ ሬሳህ ወደ አባቶችህ መቃብር አይደርስም አለው። የሞተው የተታለለው፤ ያታለለው ግን በሕይወት ቀረ።

እኛም ጋ ይኸው ነው። አንዱ ተነሥቶ «ጌታ ተናግሮኛል፣ ይህን ልጅ አታግቢው»፣ «ሥራሽን ልቀቂ» ይላል። ነገሩ ሲከሽፍ «ለምን ራስሽ አልጸለይሽም?» ትባላለች። ተናጋሪው በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ነው።

መምህሩ፦ ሽማግሌው ከፍርድ አመለጠ አልልም። ሬሳውን ከመንገድ አንሥቶ፣ «ወንድሜ ሆይ» ብሎ አልቅሶ፣ በራሱ መቃብር ቀበረው፤ ልጆቹንም አጥንቶቼን በአጥንቶቹ አጠገብ አኑሩ አላቸው። ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ የይሁዳው ንጉሥ ኢዮስያስ የቤቴልን መቃብሮች ሲያስቆፍር ያን መቃብር አትንኩ አለ። ሽማግሌው የተረፈው በዚያ ሰው አጥንት ተጠግቶ ነው። ይህንን ምሕረት እንዴት ታልፊዋለሽ?

ዘማሪዋ፦ አላልፋትም። ግን ዘዳግም 18፥20ን እርስዎ አለፉት፤ እግዚአብሔር ያላዘዘውን በስሙ የሚናገር ነቢይ ይሙት ይላል። አንበሳው በሕጉ መሠረት የሽማግሌው ነበር።

መምህሩ፦ ሕጉ ዳኛ ይፈልጋል፤ በቤቴል ዳኛው ጥጃውን ያቆመው ንጉሥ ነበር። ማን ይፍረድ?

ዘማሪዋ፦ ቤቴል ላይ ማንም። እኛ ግን የሽማግሌዎች ጉባኤ አለን። ከሥራዋ የወጣችው ልጅ ከመመከሯ በፊት፣ «ጌታ ተናገረኝ» ያላት ሰው እዚያ ቀርቦ ይጠየቅ።

መምህሩ፦ ይጠየቅ፤ እኔም እፈርማለሁ። እሷም ግን በዚያው ቀን ትምጣ፤ ለብቻዋ ምን ሰምታ እንደነበር እኔው እጠይቃታለሁ።