እርማት፦ ጆ ማርች ያገባችው ደራሲዋ ስለፈለገች አይደለም

ወዳጄ፣ ስለ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሉዊዛ ሜይ አልኮት ልብ ወለድ ስለ «ሊትል ዊመን» ስናወራ፣ «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጆ በመጨረሻ ማግባቷ ደራሲዋ ሴት ያለ ትዳር ሙሉ አይደለችም ብላ ማመኗን ያሳያል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1868 ሲወጣ ጆ አላገባችም ነበር። የታጨችው እህቷ ሜግ ናት። መጽሐፉ በጣም ስለተወደደ ሁለተኛ ክፍል ተጠየቀ። ያኔ ለሉዊዛ ሜይ አልኮት ከወጣት ሴቶች ደብዳቤ ይጎርፍላት ጀመር። ጥያቄው አንድ ነው፤ እነማን እነማንን ያገባሉ? አልኮት በዚህ በጣም ተናዳለች። የሴት ልጅ የሕይወት ግብ ትዳር ብቻ ይመስል ይጠይቁኛል ብላ በማስታወሻዋ ጽፋለች። ማንንም ለማስደሰት ጆን ለጎረቤቷና ለጓደኛዋ ለሎሪ እንደማትድርም እዚያው ወስናለች።

በ1869 ደግሞ ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ጆ ሳታገባ ደራሲ ሆና መቅረት እንደነበረባት በግልጽ ተናግራለች። አሳታሚዎችም ገጸ ባሕርያቱ እንዲዳሩ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለት አልቻለችም። ግን ሀብታሙንና መልከ መልካሙን ሎሪን ትታ፣ በዕድሜ የሚበልጣትን ድሃ ጀርመናዊ አስተማሪ ሰጠቻት። ለእኔ ይሄ እጅ መስጠት አይደለም፣ እልህ ነው። ጆም ብትሆን ቤት አልተዘጋባትም፤ ከአክስቷ በወረሰችው ቤት ትምህርት ቤት ከፍታለች።

አልኮት ራሷ አላገባችም። ቤተሰቧን በብዕሯ ነው ያስተዳደረችው። በ1880 በምትኖርባት በኮንኮርድ ከተማ (ማሳቹሴትስ፣ አሜሪካ) ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ድምፅ ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶችም አንዷ ናት።