አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ድመት

እኔ ልጅ ሆኜ የማውቃት የአዲስ አበባ ድመት የአንድ ቤት አልነበረችም፣ የሰፈር ነበረች። ጠዋት እኛ ቤት ፍርፋሪ ትቀማምሳለች፣ ቀን ልኳንዳው ደጃፍ ትጋደማለች፣ ማታ ቆርቆሮ ላይ ስትሯሯጥ ታድራለች። ነከሰችኝ ብሎ የሚከሳት ሰው ትዝ አይለኝም። በየት በኩል ትንከስ? አይጥ አለ፣ ወፍ አለ፣ እንሽላሊት አለ፣ ከላይ ሰፈር የሚመጣ ወንድ ድመት አለ። ጥርሷም ጥፍሯም ሥራ በዝቶባቸው ነው የሚውሉት።

አሁን ሰው ፎቅ ወጣ። ልደታ ቀድሞ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆነ፣ በ2016 ፒያሳ ፈረሰ፣ በዓመቱ ደግሞ ካዛንቺስ። ግቢ የነበረው ሰው ግቢውን ትቶ ደረጃ ወጣ፣ ድመቷም አብራው ወጣች፣ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ድመት በር ከተዘጋባት ቆይቷል። እዚያ ሰው ከንክሻዋና ከጭረቷ ጋር ብዙ ታግሏል። አንዳንዱን በደንብ አውቆበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባይነሳ ይሻላል።

እህቴ የምትኖረው ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድመቷ ውሪት ትባላለች፣ ካመጧት ጀምሮ ከበሩ አልፋ አታውቅም። ፍቅሯ ለጉድ ነው። ሰው ሲገባ እግር ስር ትልከሰከሳለች፣ ጭን ላይ ወጥታ ዳዊት እንደሚደግም ቄስ ታጉተመትማለች። ከዚያ ምን እንደነካት ሳይታወቅ ክንድህን በሁለት እጇ ጠፍንጋ ጥርሷን ትተክላለች። ማምሻውን ይብስባታል። አንድ ማታ እህቴ ቡና ልትቀዳ ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ዘርፍ ተወዛወዘ። ውሪት ከሶፋው ስር ተፈተለከች፣ ዘርፉን ነከሰች፣ በጀርባዋ ተንከባለለችና በኋላ እግሮቿ የእህቴን ቁርጭምጭሚት ትቦጫጭረው ጀመር። ጀበናው ተርፏል፣ ሲኒዎቹ ግን አልተረፉም። የእህቴ ልጅ ክንድማ ከአንጓው እስከ ክርኑ ጭረት በጭረት ነው።

እስካሁን የተሞከረው መድኃኒት አፍንጫዋን መምታት፣ ውሃ መርጨት፣ ሽንት ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው። አንዲት ጎረቤት እማማ ደግሞ ቡና ሊጠጡ መጥተው የመጨረሻውን ፍርድ ሰጡ። «ልጄ፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። በማዳበሪያ ከታችሁ መርካቶ እህል በረንዳ ልቀቋት፣ አይጥ ያለበት ትሂድ» አሉ። ሲሉት ዘገነነኝ። በኋላ ሳስበው ግን የድመቷን ችግር ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። የጎደላት አይጥ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ቦታ ድመት ያለው ተከራይ ለድመቷም ተጨማሪ ኪራይ በየወሩ ይከፍላል፣ አልቀለድኩም። ድመቴ ነከሰችኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሱቅ ነው። ገመድ የተጠቀለለበት እንጨት ከ50 ዶላር በላይ አውጥቶ ይገዛል። ድመት ጉንጯን ዕቃ ላይ ስታሻሽ የምትተወውን ሽታ አስመስለው የሠሩትን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ይገዛል። አልሆን ሲል የእንስሳት ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ የባሰባት ድመት ደግሞ ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድኃኒት ይታዘዝላታል። አዎ፣ ለሰው ለድብርት የሚሰጠው ራሱ። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ቁጭ ብላ የምትበላው ድመት ምን ጎደለባት? ይልቅ ለኔ አምጣልኝ» ብላ ሳቀች።

ፈረንጅ ለእንስሳ ያዝናል፣ እኛ ጨካኞች ነን የሚለው ወሬ ግን አይዋጥልኝም። አሜሪካ ውስጥ ሶፋ ቧጨረች ተብላ ድመት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገባበት ልማድ ነበር፣ ዛሬም በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕጋዊ ነው። የሚቆረጠው ጥፍሩ ብቻ አይደለም፣ የእያንዳንዱ ጣት የመጨረሻ አጥንት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መቧጨር ላቃታት ድመት የቀራት ጥርሷ ነው። እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2006 ባወጣችው ሕግ ከልክላዋለች። ኒውዮርክ በ2019 ስትከለክል ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፣ የኔዋ ሜሪላንድ በ2022 ተከተለች። በቅርቡ እኮ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያችንን እያዩ የሚገረሙ ካሉ እኛም የምንገረምበት አለን።

ከዚያ አገር መውሰድ ያለብንን ንገረኝ ብትሉኝ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው። ድመቷን ማየት።

ድመት ስትጫወት እያደነች ነው። ታደባለች፣ ታሳድዳለች፣ ትዘላለች፣ ትይዛለች፣ ትነክሳለች። አይጥ ከሌለ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አይጥ ነው፣ ነጠላም ቢሆን፣ እግርም ቢሆን። ንጋትና ማምሻ ደግሞ የአደን ሰዓቷ ስለሆነ ልክ ሰው ደክሞት ከሥራ ሲገባ እሷ ትነሳለች። የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ጋቢ ውስጥ ሆኖ የእግር ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ያዘልላታል። ትንሽ ሆና ሁሉም ይስቅላት ነበር። አሁን አድጋ ያንኑ ስታደርግ ይመቷታል። ያስተማራት ማን ሆነና! እጅና እግር መጫወቻ አይሆንም፣ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በዚህ መስማማት አለበት። አንዱ ሲከለክል ሌላው በእጁ ካጫወታት ልፋቱ ከንቱ ነው።

የምትጫወትበት ነገር ስጧት። ዱላ ጫፍ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የጨርቅ ቁራጭ፣ አለቀ። ጨርቁን ከፊቷ እንደምታመልጥ አይጥ ጎትቱት እንጂ አፍንጫዋ ላይ አታወዛውዙት፣ አይጥ ወደ ድመት አይመጣም። ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃታል። አልፎ አልፎ ትያዘው፣ የማይያዝ ነገር ያናድዳታል። ሲያልቅ ምግቧን ስጧት፣ አድና የበላች ድመት ፊቷን አብሳና ገላዋን ልሳ ትተኛለች። ገመዱን ግን አንሱት። ክር የዋጠች ድመት አንጀቷ ይሸበሸባል፣ እስከ ሞት ያደርሳታል።

እየተዳበሰች የምትነክሰው ሌላ ነው። ያ ጨዋታ አይደለም፣ በቃኝ ማለቷ ነው። ከመንከሷ በፊት ትናገራለች፣ እኛ አንሰማም እንጂ። የጅራቷ ጫፍ መወናጨፍ ይጀምራል፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ያኔ እጃችሁን አንሱ። ሆዷን ገልብጣ ስታሳይ ደግሞ እናንተን አምና ነው እንጂ ዳብሱኝ ማለቷ ላይሆን ይችላል፣ ጉንጯና አገጯ ስር ይሻላል። ከነከሰች እጅን መንጠቅ ትልቁ ስህተት ነው፣ የሚሸሽ እጅ የሚሸሽ አይጥ ነው፣ ጭረቱም የሚረዝመው ያኔ ነው። እጃችሁን አደንዝዙት፣ አትጩሁ፣ ስትለቅ ተነስታችሁ ሂዱ። ጨዋታው ያበቃል። መምታት ምንም አያስተምራትም፣ እጃችሁን እንድትፈራ ነው የሚያደርጋት፣ የፈራች ደግሞ ከምር ትነክሳለች።

መቧጨሩን ማስቆም አይቻልም፣ ቦታውን መቀየር ግን ይቻላል። አሮጌውን የጥፍሯን ሽፋን የምታራግፈውም፣ ሽታዋን የምትተወውም፣ ወገቧን የምታፍታታውም በሱ ነው። ያ 50 ዶላር የሚሸጠው እንጨት ላይ የተጠቀለለው ገመድ ቃጫ ነው። የኛው ቃጫ! መርካቶ ገመድ ግዙ፣ ወፍራም አጣና ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፣ እንዳይወዛወዝ ከታች ሰፊ ጣውላ ላይ ምቱት። ቁመቱ ተንጠራርታ የምትዘረጋበት ይሁን። ከተወዛወዘ ወደ ሶፋው ትመለሳለች። የምታስቀምጡትም በረንዳ ላይ ሳይሆን እዚያው የምትቧጭረው ሶፋ አጠገብ። ጥፍሯንም በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ይቻላል፣ ውስጡ ያለውን ሮዝ መልክ ያለውን ሥር ሳይነኩ።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ይቺ ነገር አለች። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ቤቱ ሲጾም ድመቷም ሽሮ በእንጀራ ትጾማለች። ድመት ያለ ሥጋ ጤና የላትም፣ ተፈጥሮዋ ነው። የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ ብትሰጧት ጾማችሁ አይፈርስም። ርቧት የምትነክስ ድመት ዓመለኛ ትባላለች፣ ያሳዝናል።

በሌላው ነገር ብንቀልድ በዚህኛው አንቀልድም። አሜሪካ ድመት ስትነክስ የሚፈራው እጅ እንዳያመረቅዝ ነው፣ የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ከስር ጥልቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፋለች። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ውሃ የፈረቃ ቀን ካልሆነ ከጀሪካን እያንቆረቆራችሁ። ከዚያ ጤና ጣቢያ። በተለይ የማታውቋት ወይም ያልተከተበች ድመት ከሆነች ነገ አትበሉ። የድሮ ሰው «ፓስተር»፣ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጥበት ቦታ፣ ሲባል ሆዱን ይይዝ ነበር፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ትዝ እያለው። የዛሬው ክትባት ክንድ ላይ ነው። የቤቷንም ድመት አስከትቧት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ውሪት እህቴ ቤት በካርቶን የመጣችው ዓይኗን ከገለጠች ብዙም ሳትቆይ ነው። እኛ አገር ግልገል ድመት እንደዚያ ነው የሚታደለው፣ «ቶሎ ውሰዱልን» እየተባለ። ግልገል የንክሻ ልክ የምትማረው ከወንድምና ከእህቷ ጋር ስትታገል ነው። አንዷ አጥብቃ ስትነክስ ሌላዋ ትጮህና ጨዋታውን ትታ ትሄዳለች። ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ቢቻል 12፣ ከእናቷ ጋር ትቆይ። ፎቅ ላይ ለሚኖርና ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ደግሞ ከአንድ እናት ሁለት መውሰድ ይሻላል፣ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ የሰው እጅ ያርፋል። እህቴን ይህን ስላት የሳንባ ዋጋ ጠርታ ዝም አሰኘችኝ።