የጨው ክሪስታል ፍሪጅ አይፈልግም

"የፈላውን የጨው ውሃ ፍሪጅ አሳድሩት፣ ጠዋት ትልልቅ ክሪስታል ታገኛላችሁ" የሚለውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ልክ አይደለም። ስኳር ላይ ማቀዝቀዝ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ጨው ግን ሌላ ነው። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፣ ሲፈላም ከ39 ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ቢቀዘቅዝም የሚወጣው ጥቂት ነው። ክሪስታሉን የሚያሳድገው የውሃው ቀስ ብሎ መትነን ነው። ሞክሩት፦ አንዱን ብርጭቆ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ፣ ሌላውን ክፍቱን መስኮት ጋ አስቀምጡ። ከቀናት በኋላ መስኮት ጋ ያለው ውስጥ ዳይስ የመሰሉ ጥቃቅን ኩቦች ታያላችሁ። የሚያሳዝነኝ፣ ልጆች ጠዋት ተነስተው ምንም ሲያጡ "አልተሳካም" ብለው ደህናውን ውሃ መድፋታቸው ነው። እባካችሁ አትድፉት፣ ከፍሪጅ አውጡና ክፍቱን ተዉት።