ተመስጦ ሲጠበቅ ኮላ ይደርቃል

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ልማድ ተስፋፍቷል። "ኮላዥ እሠራለሁ"፣ ማለትም ወረቀት ቆርጬ በመለጠፍ ሥዕል እሠራለሁ፣ ያለ ሁሉ ጣና ዳር ማኪያቶ ያዝዝና አገጩን በመዳፉ ደግፎ ውኃ ውኃውን ያያል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት "ተመስጦ እየጠበቅሁ" ይላል። ተመስጦ እንደ ጎርጎራ ጀልባ የመነሻ ሰዓት ያለው ይመስላቸዋል። ቦርሳው ውስጥ ያለው መቀስ ገና አንድ ወረቀት አልቆረጠም፤ የኮላው ክዳን ላልቶ ስለተዘጋም አፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ይምጣ እንበል። ምን ይዞ ይመጣል? ታንኳ። አንድ ታንኳ፣ አንድ ፔሊካን፣ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ፣ ማን እንደጠራው ሳይታወቅ፣ ጀበና። ከቱሪስት ማስታወቂያ ላይ የጣናን ፎቶ ቆርጦ በጣናነቱ መለጠፍ ፎቶን ከወረቀት ወደ ካርቶን ማዛወር ነው፤ ለዚህ መቀስም ባላስፈለገ። ጣናን ለመሥራት የጣና ፎቶ አያስፈልግም። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ይዘው ሲገቡ ዳርቻው ቡናማ ነው፤ ያንን ቀለም የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ከማንኛውም ሰማያዊ መጽሔት አስበልጦ ይሰጣል። ያውም በነጻ፣ ግንባታ ካለበት ሰፈር ሁሉ።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ብራክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 አቪኞን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ በአንድ ሱቅ መስኮት የእንጨት መልክ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት አየ። ገዛው፣ ቆረጠው፣ ለጠፈው። በዚያው ዓመት ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበትን የሰም ጨርቅ ሥዕሉ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ አጠረው። ሩቅ መሄድም አያሻም፤ ዘጌ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ብዙዎቹ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። እዚያ የገባ ሰው ለሥዕል አደራደር የሚሆን ትምህርት ያገኛል፦ ዋናው ሰው ትልቅ ነው፣ ሌላው ያንሳል፣ እያንዳንዱ ታሪክ የራሱ ክልል አለው። ጎብኚው ግን ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያለው ሰው፣ ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ኮላ ሳይነካ አልቀረም። ተረቱ ስለ መቀነት ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ይሰፋል፣ የሚሰፋውም በአንድ አቅጣጫ አብልጦ ነው። ሳይሰፋ በጥድፊያ የተለጠፈ ወረቀት ካርቶኑ ላይ ሆኖ ይሰፋና እንደ ልቡ ያብጣል። ስለዚህ የአናጢ ኮላ 3 እጅ፣ ውኃ 1 እጅ ቀላቅሉ፤ የወረቀቱን ጀርባም ካርቶኑንም በስሱ ቀቡ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ከአንዱ ጠርዝ ጀምራችሁ አሳርፉት፤ ከመሀል ወደ ዳር በአሮጌ ኤቲኤም ካርድ ግፉት። ሒሳቡ ባዶ ቢሆንም ካርዱ ይሠራል። ከላይ ፌስታል አንጥፋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና አንድ ሌሊት ይደር፤ በሐምሌ ዝናብ ግን ሁለት ሌሊት። የካርቶኑን ጀርባም ተመሳሳይ ወረቀት አልብሱት፤ አለዚያ የፊቱ ወረቀት ሲደርቅ ይጎትተውና ጣውላ የተባለው ካርቶን ጎብጦ ያድራል።

የዱቄት ኮላም አለ፤ 1 ስኒ ዱቄት ለ4 ስኒ ውኃ፣ እስኪያንጸባርቅ እየማሰሉ። ርካሽ ነው፣ ግን በዚህ ከተማ ክረምት ቶሎ ይሻግታል፤ ከዚያም በረሮውና አይጡ ኤግዚቢሽኑን ቀድመው ይመርቁታል። ቀለም ከሚረጭ ማተሚያ የወጣ ምስል ኮላ ሲነካው ይፈሳል፤ ፎቶ ኮፒ ግን አይፈስም። ጋዜጣም በቀጥታ አይለጠፍ፤ ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ስላለበት ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል። ፎቶ ኮፒውን አስነሥታችሁ ኮፒውን ለጥፉ።

አሁን ወደ ካላንደር። ይህ የቆየ ቂም ስለሆነ ርዕስ አይገድበውም። በየመስከረሙ ካላንደር የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዘመን ተራራና አበባ ያትሙ ነበር፤ ለቆራጭ ሲሳይ ነበር። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ለጥር በወንበራቸው፣ ለየካቲት ሪባን ሲቆርጡ፣ ለመጋቢት እጅ ሲጨብጡ። የቀረው ትንሽ ሰማይ ላይ ዓርማ ተደፍቶበታል፤ ከዓርማው ሥር ስልክ፣ ከስልኩ ሥር የሒሳብ ቁጥር። ከዚህ ሁሉ የሚቆረጥ ቢኖር ክራቫታቸው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ደህና ቀይ ነው። አልበቃ ብሎ ፊቱን በፕላስቲክ ይለብጡታል። ከላዩ ሌላ ቁርጥራጭ ብትለጥፉበት ያዘ ስትሉ ይላጣል፤ ውኃ ያለበት ኮላ ፕላስቲክ ውስጥ መግቢያ የለውም። ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ካልፈገፈጉት ዋጋ የለውም። የሠርግ ጥሪ ካርዶችም ያው ናቸው። ሰው ዘንድሮ አግብቶ ስሙን በፕላስቲክ ምን ያሸፍነዋል? ይህን የጀመረው ማተሚያ ቤት አይቅናው።

ስለ ተመስጦ ነበር። ቁርጥራጮቻችሁን በቀለም ለዩ፣ በርዕስ አይደለም፤ "ዓሣ" የሚል ፖስታ ያለው ሰው መቼም ዓሣ ይለጥፋል። ከካርቶን ሁለት የL ቅርጽ ቁረጡ፤ አጋጥማችሁ ክፈፍ አድርጓቸውና መብራት እንጨት ላይ በተደራረበው ማስታወቂያ ላይ አንሸራትቱት፦ የሚከራይ ቤት፣ የማስጠኛ፣ የሙት ዓመት፣ ኮንሰርት፣ አንዱ አንዱን ቀድዶ። ዓይን የሚቆምበትን በስልክ አንሡና ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ጨለማው፣ መካከለኛውና ብርሃኑ ተለይተው ካልታዩ ቀለም አያድነውም። ከዚያ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ አንድ ትልቅ፣ ጥቂት መካከለኛ፣ ብዙ ትንንሽ ያለ ኮላ ደርድሩ፤ ካርቶኑን ሳታነሡ ራሱን ወደ እግሩ አዙራችሁ እዩት፤ በዚያ ቀን አትለጥፉት።

መስታወት ካስገባችሁ ደግሞ ከሥራው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ካልራቀ በክረምቱ እርጥበት ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ከነቀለሙ ይነሣል። ይህን ሲነገረው "ምንም አይሆንም" የሚል ክፈፍ ሠሪ ካጋጠማችሁ ቀብድ አትስጡት።