ድሬ ፈቅዳለች

ድሬዳዋ እንግዳ መመለስ አታውቅበትም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ፈረንሳዩን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ የመኑን፣ ሕንዱን ያስጠጋች ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ኔትወርኩን መጀመሪያ ሊሞክር የመጣው እኛው ጋ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስልኩ «ይህ አፕ ስልክ ቁጥሮችዎን እንዲያይ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ይበል? እምቢ? ኧረ አቦ፣ ነውር ነው!

ስለዚህ እንፈቅዳለን። የባትሪው መብራት ስልክ ቁጥሮቻችንን ማየት ፈለገ፤ ይይ። ካልኩሌተሩ ያለንበትን ሰፈር ማወቅ ፈለገ፤ ይወቅ፣ አንድ ቀን ብቅ ሊል አስቦ ይሆናል። ፎቶ ማሳመሪያው ሜሴጃችንን ማንበብ አማረው፤ ያንብብ፣ ፎቶ ሲያሳምር ውሎ ይደብረዋል።

የዚህ ደግነት ዋና መሥሪያ ቤት ሞባይል ቤት ነው፤ ከዚራ ሰፈርም ሂዱ ታይዋን ገበያ፣ ያው ነው። ድሮ በእጅ መሣሪያ ላይ ፕሮግራም ለመጫን ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። ፓልም የሚባለውን የኪስ ኮምፒውተር የያዘ ሰው በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. አፕልም ጉግልም የአፕ መደብራቸውን ስልኩ ውስጥ ከፈቱና ኬብሉ ተገላገለ። አንድ ነገር ግን ዘንግተዋል፤ መደብሩ ዳታ ይበላል። እሱን እኛ አስተካከልነው። ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግረው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ካልሆነም ኤፒኬውን፣ ማለትም የአፑን መጫኛ ፋይል፣ በቴሌግራም። ያለ ኮምፒውተር፣ በዜንደር ከሆነም ያለ ዳታ፣ ሁሌም ያለ ጥያቄ።

ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ የሞባይል ቤቱ ልጅ ጉንጭ ሞልቷል። አንዲት እናት ስልካቸውን ይሰጡታል።

«የኔ ልጅ፣ ኢሞ ጫንልኝ። ልጄ ማታ ከሳውዲ ትደውላለች።»

«እሺ እማማ። ፓተርኑስ?»

«ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።» ይህን የሚሉት ጮክ ብለው ነው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰምቷል፤ አንዱማ ጭኑ ላይ በጣቱ ሞክሮታል።

ልጁ ይልካል፣ ስልኩ ያስጠነቅቃል፤ ምንጩ ያልታወቀ አፕ ነው ይላል። ልጁ ቅር ይለዋል። መጋላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ አባቱን ሁሉ ሰው ያውቃቸዋል፤ እንዴት ያልታወቀ ይባላል? የሚቀጥለውን ማስጠንቀቂያ አውራ ጣቱ ገና ሳይጻፍ አልፎታል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ኦሊምፒክ ላይ ቢኖር ሜዳሊያው ከድሬ አይወጣም ነበር።

ጉግልም ዝም አላለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ከመደብሩ ውጭ የመጣ አፕ ለመጫን ፈቃዱ ለብራውዘሩም፣ ለቴሌግራሙም፣ ለዜንደሩም ለየብቻ እንዲሰጥ አደረገ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው። እኛ ግን አንዴ «እሺ» እንል የነበርነው ሦስቴ የማለት ዕድል አገኘን፣ ምስጋና ይግባው። በአንድሮይድ 13 ደግሞ እንዲህ የገባ አፕ የተደራሽነትን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኝ ዘጋበት። ይህ ፈቃድ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስክሪኑን እንዲያነብ የተሠራ ነው፤ ስክሪን አንብቦ በባለቤቱ ፈንታ መንካትም ስለሚያስችል የባንክ ሂሳብ የሚያጥቡ አፖች ነፍሳቸው ነው። ልጁ ታዲያ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካ ያደርግና እገዳውን ያነሳዋል። እማማ ይመርቁታል።

አንዳንዴ ስልኩ ግትር ይሆናል። «አፑ አልተጫነም» ይላል። ስልኩ ላይ ያለው አፕና አዲሱ የሠሪያቸው ዲጂታል ፊርማ ካልገጠመ አንድሮይድ አንዱን በሌላው ላይ አይጭንም፤ ማለትም አንድ ሰው መሐል ገብቶ አፑን ነካክቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህም መድኃኒት አለ። «ኦሪጅናሉን አጥፍተን የኔን እንጫነው።»

የሚገርመው ይኸው ሕዝብ የግቢውን በር በሦስት ቁልፍ ይዘጋል። ኤቲኤም ጋ ሲቆም የገዛ ወንድሙን «እስቲ ዞር በል» ይላል፣ ቁጥሩን በመዳፉ ይሸፍናል። የባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር በሜሴጅ ሲመጣ ግን ፎቶ ማሳመሪያው አብሮ ያነባል። እሱ እኮ ቤተኛ ነው።

ከሁሉ የምወደው ጂሜይሉን ነው። ልጁ ኢሜይሉን ራሱ ይከፍተዋል፣ ፓስወርዱንም ራሱ ያወጣለታል፤ መጠባበቂያ ቁጥር ሲባል የራሱን ያስገባል። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ፓስወርድ ነው፣ እንዳይረሳው። ባለስልኩ አይጠይቅም፤ ኢሜይል ለቢሮ ሰው ነው ብሎ ያምናል። ከዓመት በኋላ ስልኩ ይጨናነቅና አንዱ ጎረቤት ሪከቨሪ በሚባለው የስልኩ የጥገና ገጽ ገብቶ ሁሉን ነገር ያጠፋለታል። ስልኩ ሲነሳ የቀድሞውን ጂሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ካልተሰጠው ንቅንቅ አይልም። ፓስወርዱን የሚያውቀው ያ ልጅ ነው። ሰውየው ስልኩን ይዞ ከዚራ ይሮጣል። ሱቁ ጁስ ቤት ሆኗል፤ ልጁም ጅቡቲ ከገባ ሰነበተ።